ስምንተኛውና አሥራ አራተኛው

አባቴ የምድር ባቡር ሀዲድ ቀያሪ ነበር፣
ከከዚራ ወዲያ፣ ከመጋዘኑ ዳር፤
በግራው ፋኖስ፣ በቀኙ ብረት፣
ፉርጎን ከፉርጎ ሲያቆራኝ በሌሊት።
የድሬ ሙቀት ግቢ አውጥቶን፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣
ኮከብ እየቆጠርኩ፣ ድምፁን ሰምቼ፣
አንዴ «ቋ» ካለ፣ ገጠመ እላለሁ፤
ሁለቴ ካለ ግን፣ ነቅቼ እጠብቃለሁ።

ዛሬ በድል ጮራ፣ በላብራቶሪው ጥግ፣
እኔም አንድ መብራት ይዤ ስፈልግ፣
ከመርፌ ጫፍ የመጣች የኢፍቱ ቅንጣት
ሐምራዊ ቀለም ጠጥታ፣ መስታወት ላይ ናት።

ኢፍቱ ስድስት ዓመቷ፣ ከመልካ ጀብዱ ናት።
መጀመሪያ አንድ ጥርሷ ተነቃነቀባት፤
ነቀሉላት።
ቀጥሎ ጎረቤቱ። ከዚያ መንጋጋዋ፣
በሳምንት እንደ ሎሚ፣ በሁለት እንደ ብርቱካን፣
ሽቅብ እያበጠ ጋረደባት አንድ ዐይኗን።

እናቷ ሰዓዳ፣ የባጃጅ ተበድራ መጣች።
«የሰው ዐይን ነው?» አለች።
«ወይስ ከኔ ደም?» በጣቷ ቆጠረች፣
ከአክስቷ ጀምራ እስከ ቅድመ አያቷ፣
ጣት አለቀባት፤ አላለቀም ፍርሃቷ።

ከመስታወቱ ሥር ሌሊት ነው። ጥቁር ሰማይ፣
ገርጣ ገርጣ ያሉ ኮከቦች ጣል ጣል ብለውበት ላይ።
መጽሐፉም ስሙን «የከዋክብት ሰማይ» ይለዋል።
ጥቁሩ የሚባዛው ነው፤ ዛሬን አድሮ ነገ እጥፍ ይሆናል።
ኮከቡ የሞተውን እየለቀመ የሚበላው።
ልጅ ሆኜ የቆጠርኩትን ኮከብ
ሬሳ ለቃሚ ነው ብዬ እንዴት ላስብ?

ክሮሞዞም የሚያሳይ መሣሪያ እዚህ የለም።
ናሙናው ተላከ፤ መድኃኒቱ ግን አልጠበቀም።
በአምስተኛው ሳምንት አንድ ወረቀት መጣ፦
ስምንተኛው ከጫፉ ተቆርጦ፣
አሥራ አራተኛው ላይ ተቀጥሏል፣ ቦታ ለውጦ።

ቋ። ቋ።

በስምንተኛው ፉርጎ የተጫነው ቃል «ተባዛ» ነው፤
በልኩ ሲነገር፣ በልኩ ዝም ሲል፣ ልጅን የሚያሳድገው።
አሥራ አራተኛው ደግሞ ቀን ከሌት የማይተኛ፣
ለወባው፣ ለትኩሳቱ፣ የጋሻ ሠራተኛ።
ሙያው መቁረጥና መቀጠል ነው፤ ለየጠላቱ ልክ አዲስ ጋሻ።
በአንዱ ሌሊት፣ በስንት ሺህኛው ቅጥያ መጨረሻ፣
ያ ቃል ከማያርፈው ሞተር ጋር ታሰረ፤
ፍሬን የለው፣ ተባዛ፣ ተባዛ እያለ በረረ።

«ከደምሽ አልወረደም» አልኳት ለሰዓዳ።
«የማንም ዐይን አይደለም። የሳተው
ሲጠብቃት የነበረው ነው።»
ይቀላታል ብዬ ነበር።
የሚወቀስ ማጣት ግን እሱም ሸክም ኖሯል፤
ነጠላዋን አጣጠፈች፣ እንደገና ፈታችው።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፤
ጆሮው ደክሟል፤ ጣቶቹ አሁንም እንደ ያዙ ናቸው ብረቱን።
ብዙ ዝም አለ።
«እኔም አንዴ ስቻለሁ» አለ።
«ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የከብት ፉርጎ
ከአዋሹ ጋር አሰርኩት። በውኃ ጥም አለቁ።
አልጠጣሁም ነበር። አልተኛሁም።
ለእናትሽም አልነገርኳት።
መቶ ሺህ ጊዜ ያያዘ እጅ እኮ ነው፣ ልጄ፣
አንድ ሌሊት...» አለና እጁን አየው።

መድኃኒቱ ሐረር ነው። እናትና ልጅ ደንገጎን
አራት ጊዜ ወጥተው ወረዱ፤ ለአምስተኛው ብር አልሞላም።
እብጠቱ ግን ሟሟ።
ደሟን ልታስቆጥር መጥታ፣ በወንበር ላይ ቆማ፣
ጸጉር በሌለው ራሷ ሻሿን ወደ ኋላ ገፍታ፣
አንድ ዐይኗን ጨፍና፣ ያንኑ የተጋረደውን ከፍታ፣
የድሮውን መስታወት አየች።
«ኮከብ!» አለች።
«የቱ ነው የኔ?»

ሁሉም ያንቺ ነው፣ ጥቁሩም፣ ነጩም፤
ልላት ፈልጌ፣ ከጉሮሮዬ አልወጣም።
መብራቱን ትንሽ ጨመርኩላት።